አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ለጀማሪ

ሩሐማ ሙላው ብስክሌት መንዳት አትችልም፤ ፈረንሳይንም ረግጣ አታውቅም። ሆኖም ጡረታ የወጡ አሜሪካውያን በፈረንሳይ ገጠር በብስክሌት የሚንሸራሸሩባቸውን መንገዶች የምትመርጠው እሷ ነበረች። ቢሮዋ አሜሪካ ውስጥ፣ ሶዶ በሚባል የመጋዘኖች ሰፈር፣ ከአንድ የጎማ መጋዘን በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። እዚያ ተቀምጣ ኮምፒውተሯ ላይ ካርታ ትዘረጋለች፤ ቀዩን አውራ ጎዳና ትሸሻለች፤ ቢጫውን ትጠረጥራለች፤ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ መስመር ስታገኝ ግን ፊቷ ይፈካል። ነጯ መስመር ከትራክተርና ከፖስተኛ መኪና በቀር እምብዛም የማያልፍባት፣ ከመንደር ወደ መንደር የምታዘግም መንገድ ናት። ደንበኞቹ ውቅያኖስ የሚሻገሩት ያቺን ጸጥታ ፍለጋ ነው።

ታዲያ ጸጥታ ካርታ ላይ አይታይም፤ አንድ ሰው ሄዶ ሊሰማው ይገባል። ያ ሰው ኑሩ ይመር ነበር።

ኑሩ በብስክሌት ተወዳዳሪነት ከኢትዮጵያ ወጥቶ እዚያው የቀረ፣ ሎት በሚባለው ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ብስክሌት እየጠገነ የሚኖር ሰው ነው። ሩሐማ የምትመርጣቸውን መንገዶች እየነዳ ያየውን ይጽፍላታል። መጀመሪያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር። አንድ ቀን ስሙን አይታ «አማርኛ ትጽፋለህ?» ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ወዲያ ሪፖርቱ በአማርኛ ሆነ፤ ሰውየውም ሌላ ሰው ሆነ።

«ሩሐማ፣ ከሠላሳ አንደኛው እስከ ሠላሳ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ያለፈችኝ መኪና አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ዳቦ የምታዞር ናት። ውሃ ያለቀበት ሰው መቃብር ቦታው በር ላይ ቧንቧ ያገኛል። የዚህ አገር ሙታን ለተጠማ አይነፍጉም።»

እንዲህ እንዲህ እያለ የመንገድ ወሬ ወደ ሰው ወሬ ተሻገረ። ብስክሌት እንደማትችል የነገረችው ለእሱ ብቻ ነው፤ አልሳቀባትም። እሱ ሙስሊም ነው፤ እሷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ። ይህን ሁለቱም ያውቁ ነበርና ስለ ፍቅር አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ዓመት አለፈ።

ካቻምና ጸደይ ላይ ግን «እኔ» ይል የነበረው ሰው «እኛ» ማለት ጀመረ። «ከማርጎ ጋር ወጣን።» «ማርጎ ስለ ደከማት ጥላ ሥር አረፍን።» አንዱን ሪፖርት ሩሐማ ዛሬም በቃሏ ታስታውሰዋለች፤ «ማርጎ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ የወፎቹን ድምፅ ስትቆጥር ዋለች።» ማርጎ ማን እንደሆነች አልጠየቀችም። በምን መብቷ ትጠይቃለች? መልሷን አሳጠረች፤ ወደ እንግሊዝኛም መለሰችው። ባለፈው በጋ ጳውሎስ የሚባል፣ ሬንተን ከተማ ባለው አውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራ የቤተ ክርስቲያናቸው ልጅ ቀረባት። ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ እናቷ ወይዘሮ አዳነች ስሙን ስታነሳ ድምጿ ይለሰልሳል። ሩሐማም እሺ አለች። ሽማግሌዎቹ ሚያዝያ ውስጥ ቅዳሜ ቀን ሊመጡ ተቀጠረ።

የጉዞ ድርጅቱ ባለቤት ዶና ኑሩን ለዓመቱ ስብሰባ ከፈረንሳይ የጠራችው ለዚያው ሳምንት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እየዘነበ ነበር። የቢሮው በር ተከፈተና ከዶና ኋላ አንድ ቀጭን፣ ፊቱን ንፋስ ያጠቆረው ሰው ገባ። ሩሐማ ከወንበሯ ተነሳች። ሦስት ዓመት ሙሉ በጽሑፍ የምታውቀው ሰው ሥጋ ለብሶ ፊቷ ቆመ። ዓይኖቻቸው ተገናኙ፤ የእሱ ዓይኖች አንድ ነገር ሊናገሩ ጀምረው መልሰው ዋጡት።

«እንደምን አሉ፣ ወይዘሪት ሩሐማ?» አላት፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ።

አሉ! ልቧ ስንጥቅ አለ። አንድም ቀን ከ«አንቺ» ወጥቶ የማያውቅ ሰው!

«ደህና… እርስዎስ ደህና ነዎት?» ስትል ቃሉ ከአፏ እንደ ድንጋይ ወጣ።

ዶና አማርኛ ስለማትሰማ በደስታ አጨበጨበች። «ኑሩ፣ እንኳን ደስ አለሽ በላት እንጂ! ቅዳሜ የጋብቻዋ ወግ አለ።»

ኑሩ ዝናብ ያረጠበውን ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ «እንኳን ደስ አለዎት» አለ። ሩሐማ አመሰገነች። ለምን እንደተቆጣች፣ በማን እንደተቆጣች ራሷም አላወቀችም።

ስብሰባው ከምሳ በፊት ተጀመረ። ዶና ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየች ስለ ዓመቱ ሥራ አወራች። «አሁን ደግሞ» አለች ፈገግ ብላ፣ «ከሁሉ የተወደደው መንገዳችን። ‹አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ለጀማሪ›። ባለፈው ዓመት አራት መቶ ሰው ነድቶበታል። የመንገዱ መመሪያ እንባ አመጣብኝ ብለው የጻፉልን አሉ። ኑሩ፣ ይህን መንገድ ስላገኘህልን ምስጋናችን የላቀ ነው።»

ኑሩ አልፈገገም። «አራት መቶ ሰው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አራት መቶ አሥራ ሰባት!»

የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። ይቅርታ ጠይቆ ተነሳ፤ በደረጃው ሲወርድ የእግሩ ኮቴ እስኪጠፋ ሩሐማ አዳመጠች። ዶና ትከሻዋን ነቀነቀች፤ የጉዞ ድካም ነው አለች። ሩሐማን ግን ሲወጣ አይቷት ነበር። በዚያ እይታ ውስጥ ቁጣ የለም፤ የተዘረፈ ሰው ዓይን ነበር።

ምን ወሰድኩበት? ግራ ገባት። ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ የድሮ መልእክቶቿን በረበረች። ያ መንገድ የመጣው ካቻምና መስከረም፣ የማርጎ ስም ደሟን በሚያፈላበት ሰሞን ነበር። የመጀመሪያው መስመር «ይህቺን መንገድ እኔና ማርጎ ነን የመረጥናት» ይላል። ያኔ እዚያ ስትደርስ ጥርሷን ነክሳ፣ ቀሪውን በአንድ ከሰዓት ወደ እንግሊዝኛ ገልብጣ፣ ለኅትመት ሰጥታ፣ ለኑሩ «ጥሩ መንገድ ነው፣ እናትመዋለን፣ እናመሰግናለን» የሚል የቢሮ መልስ ልካ ነበር። አሁን አማርኛውን ከፍታ እንደ አዲስ ማንበብ ጀመረች።

«መነሻው የወፍጮ ቤቱ ግቢ ነው፤ ሜዳ ስለሆነ ብትወድቂም አይጎዳሽም። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዛፎቹ ግራና ቀኝ ቆመው ይጠብቁሻል። እዚህ ከደከመሽ እግርሽን መሬት አድርጊ፤ የሚያይሽ ሰው የለም። አምስተኛው ላይ ውሻ አለ፤ ይጮኻል እንጂ አይናከስም፤ አትፍሪው። እኔ ከኋላሽ ነኝ። ስምንተኛው ላይ ድልድዩን ስትሻገሪ የብስክሌቱን መሪ ጨብጠሽ እንዳትደርቂ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው፤ ልብሽን ልቀቂው።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። የመንገድ መመሪያ ሁሉ የሚጻፈው አንባቢውን እያናገረ ነው፤ ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ እዚህ ጋ እረፍ ይባላል። ስለዚህ ስትተረጉመው ምንም አልገረማትም። እንግሊዝኛው ደግሞ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ለአንዱም ለሺውም ያው አንድ «ዩ» ነው። «አንቺ» የሚለው ቃል በእሷው ጣት ሟሟ። «እኔ ከኋላሽ ነኝ» የሚለውን ለደንበኛ አይሆንም ብላ ሰርዛዋለች። ቀሪውን አራት መቶ ሰው የራሱ አድርጎ አነበበው።

ግን እኮ «እኔና ማርጎ» ይላል! ሌላ ሴት ከጎኑ አስቀምጦ ለእሷ መንገድ የሚመርጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? ንጹሕ ፍቅር ነው ወይስ ወንድም ለእህቱ የሚያደርገው ደግነት? ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበበችው፤ በአራቱም የተለየ ነገር ሆነባት። እፍረት ይሁን ናፍቆት፣ የተሰማትን መለየት አቃታት።

ዓርብ ዶና ሩሐማን «ኑሩን ኦበርን ከተማ ወዳለው መጋዘን ይዘሽው ሂጂ፤ ዘንድሮ ለደንበኞች የምንልካቸውን ቦርሳዎች ይያቸው» አለቻት። እንቢ ማለት አልቻለችም። ከሬንተን ወደ ደቡብ በሚወስደው ፍሪዌይ እንደገቡ መኪናው ሁሉ ቆመ፤ ወደፊት አደጋ ደርሷል። ከግራ የጭነት መኪና፣ ከቀኝ የጭነት መኪና። ሞተሩ ያጓራል፣ መስኮቱ ይርገበገባል።

ኑሩ የመኪናውን ሰልፍ ሲያይ ቆይቶ «ማርጎ ይህን ብትሰማ ጆሮዋን ይዛ ትሸሽ ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

ሩሐማ የምትለውን ሳታስብ «ማርጎ ማን ናት?» ብላ ጮኸች። ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ማርጎ፣ ማርጎ! ሚስትህ ናት? ንገረኝና ልረፈው!»

ኑሩ ዞሮ አያት። መጀመሪያ ሳቅ ዳር ዳር አለው፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

«ማርጎ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሩሐማ። ፈረንሳይኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ዓይኗ ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ለሁለት የሚነዳ ብስክሌት አላት፤ ባሏ ከፊት ይነዳ ነበር፣ እሷ ከኋላ። እሱ ሲሞት እኔ ከፊት ተቀመጥኩ።»

«ዓይነ ስውር?»

«ከካቻምና ወዲህ ስለ መኪና ብዛት የጻፍኩልሽ ሁሉ የእሷ ጆሮ ነው። መኪና ሳይመጣ ከሩቅ ትሰማዋለች። ‹ይህ መንገድ ጸጥ ያለ ነው› የምትለው እሷ ናት፤ እኔ ብዕሩን ነው የያዝኩት።»

«ለምን… ለምን አልነገርከኝም?»

«አትወድም ነበራ። ‹ስለ እኔ ስትጽፍ ጆሮዬን ጻፍ እንጂ ዓይኔን አትጻፍ› ትለኛለች። አንቺም አልጠየቅሽም። የአንቺን መንገድ እንኳ አብረን ነው የመረጥናት። ‹ያቺን የማትነዳ ልጅ በጣም ጸጥ ያለው ላይ ነው ማስጀመር› አለችኝ። አሥራ አምስት ቀን ፈለግን።»

ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋ። ሰልፉ ሁለት ክንድ ተንቀሳቀሰ። ሩሐማ መኪናውን አስጠግታ እንደገና ቆመች። አንድ ነገር እየመጣ መሰላትና ፈራች።

«ነው አልክ… ነበር አልክ… ኑሩ፣ ማርጎ የት ናት?»

«ጥር ላይ ሞተች። በእንቅልፏ ነው የሄደችው።»

ጥር። ሩሐማ ጥርን ታስታውሳለች። በጥር ሪፖርት ውስጥ «እኛ» ጠፍቶ «እኔ» ተመልሶ ነበር። ያን ቀን ያለምክንያት እየዘፈነች ቤት ገባች፤ እናቷ እንኳ «ምን ተገኘ ዛሬ?» ብላታለች። አሁን ያ ደስታ እንደ መርዝ መረራት።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። እንባዋ መሪው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። «ተለያዩ ብዬ ነው። ሰው ሞቶብህ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?»

የኑሩ እጅ ወደ እጇ ሄደና ሳይደርስ ቆመ፤ ጉልበቱ ላይ መልሶ አሳረፈው።

«እኔ ደግሞ» አለ፣ «መጽሔታችሁ ሲመጣ መንገድሽን ዋጋ ተለጥፎባት አየሁ። ይህ መልሷ ነው አልኩ። ‹የልብህን ለገበያ አውጥቼዋለሁ፣ ዕወቀው› ያልሽኝ መሰለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ቂም ይዤ ነው እዚህ የመጣሁት። ስትነሺ ሳይሽ ቂሙ የት እንደገባ አላውቅም። ለዚያ ነው እርስዎ ያልኩሽ፤ አንቺ ካልኩ ሁሉንም እናገራለሁ ብዬ ፈርቼ።»

«አሁን ምን ላድርግ? ነገ ሽማግሌ ይመጣል። አባቴ… አንተ ሙስሊም ነህ። አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ግራ ገብቶኛል፣ ኑሩ። በእናትህ አንድ ነገር በለኝ።»

«እኔም ግራ ገብቶኛል። ያለኝ አንድ ክፍል ቤትና የብስክሌት መፍቻ ነው። ለእኔ ብለሽ ማንንም አታስቀሪ። እሑድ ወደ ፈረንሳይ እመለሳለሁ፤ ከሄድኩ በኋላ ብቻሽን የምትቀሪው አንቺ ነሽ። ግን ያን ሰው የማትወጂው ከሆነ፣ እኔ ባልኖርም እንኳ የማትወጂው ከሆነ፣ ነገ አታስመጪያቸው። እሱም ሰው ነው።»

መንገዱ ተከፈተ። ሩሐማ እንባዋን ጠርጋ ወደ ኦበርን ነዳች። ልቧ ቀልሎ ነበር፤ መቅለሉ ራሱ አስፈራት።

ጳውሎስ ከሥራ የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚያው ዓርብ ሬንተን ሐይቁ ዳር፣ ሁልጊዜ የሚገናኙበት ቦታ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ጠበቃት። የሥራ ባጁ አንገቱ ላይ ነበር። ፀጉሩን ለነገው ተቆርጧል።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። «ጳውሎስ፣ ነገ እንዳይመጡ። ላገባህ አልችልም።»

«እና… ምንድነው? የተቆጣሽበት ነገር አለ?»

«የለም።»

«ሌላ ሰው አለ?»

«አለ። ግን እሱን አገባለሁ ብዬ አይደለም። የሚሆነውን አላውቅም። ቤትህ ግን በግማሽ ልብ ልገባ ነበር፤ ይህን ትናንት ነው ያወቅኩት።»

ጳውሎስ ወደ ሐይቁ ዞረ። ሁለት ዳክዬዎች ውሃው ላይ ይንሳፈፉ ነበር፤ በጣም ያስፈለጉት ይመስል ትኩር ብሎ አያቸው።

«ስሙን ንገሪኝ አልልሽም» አለ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እኔ ምን አጎደልኩ?»

«ምንም አላጎደልክም።»

«ኦኬ» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «አየሽ፣ የሚያመኝ እሱ ነው። ጉድለት ቢኖረኝ አስተካክለው ነበር።»

ወደ መኪናው ሄዶ በሩን ከፈተ፤ ተመልሶ «አባትሽን ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ነገ ተዘጋጅተው እንዳያፍሩ» አላት። ሩሐማ ማንም ሳይመታት የደማች መሰላት። ጥሩ ሰው መጉዳት እንዲህ እንደሚያም የነገራት የለም።

ያን ዕለት ግን አፏ አልታዘዘላትም፤ ለአባቷ የነገረችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋሽ ሙላው ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ወይዘሮ አዳነች ስኒ ትደረድራለች። ሩሐማ ቆማ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረች፤ ጳውሎስን እንዳስቀረችው፣ ስለ ኑሩ፣ ስለ ሦስቱ ዓመት ጽሑፍ፣ እሑድ ኤርፖርት እንደምታደርሰው።

«ኑሩ?» አለች እናቷ። «የእስላም ስም አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እማዬ።»

ወይዘሮ አዳነች የያዘችውን ስኒ ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ ወደ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ያ ዝግታ ከጩኸት ይብስ ነበር።

ጋሽ ሙላው መነጽራቸውን አጠለቁ። ልጃቸውን ሳያዩ ስልካቸውን አነሱና የሽማግሌዎቹ መሪ ወደሆኑት ወደ ጋሽ ፋንታዬ ደወሉ።

«ጌታ ይባርክዎት፣ ጋሽ ፋንታዬ። የዛሬው ጉዳይ ቀርቷል… የለም፣ ሕመም አይደለም… ልጄ አልፈቀደችም… ዋሽቼ ሌላ ምክንያት አልሰጥዎትም… ማፈሩንማ አፍሬያለሁ። ጥፋት ካለ በእኔ ይሁን፤ በእሷ ላይ ግን ክፉ ቃል እንዳይነገር።»

ስልኩን ዘግተው እንደተቀመጡ ቀሩ። ሩሐማ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኛል።»

«ቁጣው አለ፣ ልጄ» አሉ። «ቦታውን ነው ያጣሁት። ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚሄደው?»

ጋሽ ሙላው አሜሪካ ከገቡ ወዲህ እሑድን ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው አያውቁም። ያን እሑድ ግን ካፖርታቸውን ደርበው «እኔም እሄዳለሁ፤ ሰውየውን በዓይኔ ልየው» ብለው የሩሐማ መኪና የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ አዳነች ከክፍሏ አልወጣችም።

ኑሩ ከሆቴሉ በር ሽማግሌውን ሲያይ ሻንጣውን ጥሎ ሮጠ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው አስቆሙት። መንገዱን ሁሉ እሱ ከኋላ፣ እሳቸው ከፊት ተቀምጠው ሄዱ። ኤርፖርቱ ሲቃረብ ጋሽ ሙላው ወደ ኋላ ሳይዞሩ ጠየቁ።

«አባትህ ይመር ማን ይባላሉ?»

«ይመር ሐሰን፣ አባባ። የወረኢሉ ሰዎች ነን።»

«ወረኢሉ…» ድምፃቸው ተለወጠ። «እኛ ከዚያ ማዶ ነን፤ ጃማ።» ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ ቀጠሉ። «እናቴ የወረኢሉ ልጅ ነበረች። ፋጡማ ይሏታል። አባቴን ብላ ስትመጣ ስሟ ተለወጠ፤ ልቧን ግን የለወጠው የለም። ወንድሞቿ ሰባት ዓመት ደጇን አልረገጡም። አንዲት እህቷ ስትሞት እንኳ ለቅሶ አልተጠራችም። ከሰው ርቃ፣ ከጓዳ ጀርባ ብቻዋን አለቀሰች። ልጅ ነበርኩ፤ አይቻለሁ።»

ሩሐማ መሪውን አጥብቃ ያዘች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የአያቷ ስም ወለተ ማርያም እንደሆነ ነበር የምታውቀው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አሉ ጋሽ ሙላው። «የምፈራው አንተን ጠልቼ አይደለም። ዋጋውን ስለማውቀው ነው። መክፈሉ በእሷ ይበረታል። አንተስ ይህን አስበኸዋል?»

«አስቤያለሁ፣ አባባ» አለ ኑሩ። «አስቤ ግን መልስ አላገኘሁም። አገኘሁ ብል እዋሽዎታለሁ።»

«ባትዋሸኝ ጥሩ ነው።»

መኪናው በመነሻው በር ቆመ። ኑሩ ሻንጣውን አወረደ። ሩሐማ ወርዳ ፊቱ ቆመች፤ አባቷ በመስኮቱ ያያሉና እጅ ለእጅ እንኳ አልተያያዙም። የሚሉት ሁሉ ዓይናቸው ላይ ነበር። ለብዙ ጊዜ ተያዩ። ሰዉ ጋሪ እየገፋ በግራና በቀኛቸው ያልፋል።

«ጻፊልኝ» አላት። «የቢሮውን አይደለም።»

«እጽፋለሁ።»

የመስታወቱ በር ተከፍቶ ዋጠው። ሩሐማ ወደ መኪናው ተመለሰችና ቁልፉን ሳታዞር ተቀመጠች።

ጋሽ ሙላው ፊት ለፊታቸውን እያዩ «አልፈቀድኩም» አሉ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«አልከለከልኩምም። እኔ ራሴ ግራ ገብቶኛል። እናትሽን ጊዜ ስጫት። አገሩን ላየው፣ ሰውየውን በቤቱ ላየው ካልሽ ደግሞ ሰኔ ላይ ዕረፍት ውሰጂ። በአንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ከእኔ ተደብቀሽ እንዳትሄጂ። የፋጡማ ልጅ ነኝ፤ ተደብቆ የሚለቀስ ለቅሶ በቤቴ እንዳላይ።»

ሩሐማ የአባቷን እጅ ሳመች። ደስታ ነው እንዳትል እናቷ ከተዘጋው በር ጀርባ አለች፤ ጳውሎስም ፀጉሩን ተቆርጦ ቀርቷል። ሐዘን ነው እንዳትል ደረቷ ውስጥ አንዳች ነገር ዓመት ሙሉ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀ። ስሜቱን በስም ልትጠራው ሞከረች፤ አልቻለችም። እያነባች ሞተሩን አስነሳች፤ አባቷም መሐረባቸውን ጉልበቷ ላይ አኖሩላት።